አሥራ አምስት ወፎችና አንድ ወንዝ

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ሁለት ዓይነት መንገደኞች ወደ ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ መውረድ ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ክንፍ አላቸው፤ ከሰሜን ካናዳ ተነሥተው 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በርረው ይመጣሉ። ሁለተኞቹ ጎማ አላቸው፤ የሚኒሶታን፣ የአዮዋንና የዊስኮንሲንን በረዶ ሸሽተው፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለትን «አርቪ» የሚባል መኪና እየነዱ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። አሜሪካኖች እንዲህ ብርድ ሸሽቶ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ሰው «የበረዶ ወፍ» ይሉታል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሁለቱም ወደመጡበት ይመለሳሉ።

ሁለቱ መንገደኞች የሚገናኙት ሮክፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ባለው ረግረግ ነው። ሰዎቹ አርቪያቸውን ጎዝ አይላንድ በሚባለው የግዛቱ ፓርክ ያቆማሉ፣ ወንበር ይዘረጋሉ፣ መነጽር ያነሣሉ። ከፊታቸው ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ሰውነቷ ነጭ፣ የክንፎቿ ጫፍ ጥቁር፣ አናቷ ቀይ የሆነ ወፍ በዝግታ እየተራመደች ሸርጣን ትለቅማለች። ስሟ ሁፒንግ ክሬን ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት ሽመላ ትመስላለች፤ በሰሜን አሜሪካ ከእርሷ የሚረዝም ወፍ የለም።

ይህ ሰላማዊ ትዕይንት ከጀርባው የፋሽን፣ የጥይት፣ የቴምብር፣ የመንገድና የፍርድ ቤት ታሪክ አለው። ታሪኩ የወፍ ወዳጆች ብቻ አይደለም። የወንዝ ራስጌ ላይ የተቀመጠም ሆነ ግርጌው ላይ የሚኖር ማንኛውም ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*ዳርቻው*

የቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ከሉዊዚያና ወሰን እስከ ሜክሲኮ ወሰን ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ተራራም ገደልም የለውም። ከባሕሩ ፊት ለፊት ረዣዥምና ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ተደርድረዋል። ከደሴቶቹ ጀርባ ጥልቀት የሌላቸው ወሽመጦች አሉ። ከወሽመጦቹ ዳር ደግሞ ሣር፣ ጭቃና ኩሬ የተደባለቀበት ረግረግ ተዘርግቷል።

የዚህ ረግረግ ሕይወት በአንድ ቀላል ነገር ላይ ይቆማል፤ የሁለት ውኃዎች መደባለቅ ላይ። ከባሕር በኩል ጨዋማው ውኃ ይገባል። ከመሬት በኩል ወንዞች ጨው አልባ ውኃ ያመጣሉ። ሁለቱ በልክ ሲደባለቁ ሸርጣኑ፣ ዓሣው፣ ኦይስተሩና ሣሩ ይራባሉ። ወንዙ ሲደክም ጨው ይበዛል፤ ጨው ሲበዛ ሸርጣን ይቀንሳል፤ ሸርጣን ሲቀንስ ወፏ ትራባለች። ይህን ሰንሰለት ልብ ይሏል፤ ወደፊት ፍርድ ቤት የሚቀርበው እርሱ ነው።

በመኪና ዳርቻውን ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ገና ጉዞው ሲጀመር አንድ ትምህርት ይጠብቀዋል። ሳቢን ፓስንና ሃይ አይላንድን ያገናኝ የነበረው 87 ቁጥር አውራ ጎዳና እየደጋገመ በማዕበል ሲፈርስ ቆይቶ በ1990 ገደማ ተዘግቷል። ባሕሩ ወሰደው፤ መንግሥትም መልሶ አልሠራውም። ስለዚህ መንገደኛው ወደ ውስጥ ዞሮ ይመጣል።

ሃይ አይላንድ ስሟ «ከፍተኛ ደሴት» ማለት ነው። ከፍታዋ ግን ከአካባቢው ረግረግ በጥቂት ሜትሮች ብቻ የሚበልጥ ጉብታ ነው። ከሥሯ ያለ የጨው ክምችት መሬቱን ወደ ላይ ስለገፋው ዛፍ በቅሎባታል። ይህች ጥቂት ዛፍ ለወፎች ብዙ ናት። በጸደይ ወራት ትናንሽ ወፎች ከሜክሲኮ ዩካታን ተነሥተው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ሳያርፉ ያቋርጣሉ። ከሰሜን ነፋስና ዝናብ ከገጠማቸው ጉልበታቸው ተሟጥጦ በመጀመሪያ ባገኙት ዛፍ ላይ እንደ ፍሬ ይረግፋሉ። የሂዩስተን ኦዱቦን ማኅበር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እነዚህን ጫካዎች እየገዛ መጠለያ አድርጓቸዋል።

*ባርኔጣው*

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ ዳርቻ ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚመጣው ለመግደል ነበር። ምክንያቱም ከረግረጉ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙት የኒውዮርክ፣ የለንደንና የፓሪስ ሱቆች ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ የሴቶች ባርኔጣ።

በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባሉ የወፍ ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጊዜ በእግራቸው ተዘዋውረው የሴቶችን ባርኔጣ ቆጠሩ። ካዩት 700 ባርኔጣ 542ቱ በላባ ወይም በሙሉ ወፍ ያጌጠ ነበር። በባርኔጣዎቹ ላይ 40 ዓይነት ወፎችን ለይተዋል። ጫካ ሳይገቡ፣ መሀል ከተማ፣ መንገድ ላይ።

ከሁሉም በላይ የተፈለገው ኢግሬት የሚባለው ነጭ ወፍ በመራቢያው ወቅት ጀርባው ላይ የሚያበቅለው ስስ ላባ ነበር። ወፉ ይህን ላባ የሚያወጣው ጫጩት በሚያሳድግበት ጊዜ ነው። አዳኙም ወፎቹ ተሰብስበው የሚገኙበት ጎጆ ድረስ ይሄዳል፤ ወላጆቹን ይገድላል፤ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቃሉ። አንድ ጥይት ሁለት ትውልድ ትገድላለች። በገበያ ላይ የዚህ ላባ ዋጋ በክብደት ሲመዘን ከወርቅ በልጦ ነበር። ከፍሎሪዳ እስከ ቴክሳስ ባለው ረግረግ ወፎቹ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊያልቁ ደረሱ።

ምላሹ የመጣው ከገበያው በኩል ነው። በ1896 ቦስተን ውስጥ ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የቅምጥል ቤተሰብ ሴቶች የባለጸጋ ጓደኞቻቸውን ሻይ እየጋበዙ ላባ ያለበት ባርኔጣ እንዳያደርጉ ማሳመን ጀመሩ። የማሳቹሴትስ ኦዱቦን ማኅበር ከዚያ ተወለደ። ፋሽኑን ያቆሙት ፋሽኑን የሚገዙት ናቸው።

ሕጉ ተከተለ። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በአንድ ግዛት በሕገወጥ መንገድ የተገደለ ወፍ ወደ ሌላ ግዛት ተወስዶ እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፍሎሪዳ የምትገኘውን ፔሊካን አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት የወፎች መጠለያ አድርገው አወጁ። የመጀመሪያው የፌዴራል የወፍ መጠለያ ይህ ነበር። ለጠባቂው ለፖል ክሮገል የኦዱቦን ማኅበር የሚከፍለው ደመወዝ በወር አንድ ዶላር ነበር።

ሕግ በወረቀት ላይ መውጣቱ ደም እንዳይፈስ አላደረገም። ጋይ ብራድሊ የተባለው የፍሎሪዳ ጠባቂ በ1905 ወፍ አዳኞችን ለመያዝ በጀልባ እንደወጣ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1918፣ አሜሪካ ከብሪታንያ ጋር ስለ ካናዳ በተዋዋለችው ስምምነት ላይ ተመሥርቶ የተጓዥ ወፎች ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከአገር አገር የሚበር ወፍ የአንድ ግዛት ንብረት መሆኑ ቀረ።

*አሥራ አምስቱ*

ለኢግሬቱ ይህ በቂ ነበር። ጥይቱ ሲቆም ወፉ ተመልሶ በዛ። ዛሬ በቴክሳስ ዳርቻ በየቦዩ ዳር ቆሞ ይታያል። ለሁፒንግ ክሬን ግን ዘግይቶ ነበር። እርሷ ቀድሞም ቁጥሯ ብዙ አልነበረም። ሁለት እንቁላል ብትጥልም ብዙውን ጊዜ የምታሳድገው አንድ ጫጩት ነው። የምትራባባቸው የመካከለኛው አሜሪካ ረግረጎች ደግሞ ተጠንፍፈው የስንዴና የበቆሎ እርሻ ሆነዋል። አደን የጀመረውን እርሻ ሊጨርሰው ደረሰ።

በ1937 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከሮክፖርት በስተሰሜን ያለውን የአራንሳስ ረግረግ የወፎች መጠለያ አደረጉት። በ1941 በተደረገው ቆጠራ በዱር የቀሩት ሁፒንግ ክሬኖች 21 ገደማ ነበሩ። ከእነርሱ ወደ ሰሜን ሄዶ የሚመለሰው፣ አራንሳስ የሚከርመው መንጋ 15 ያህል ብቻ ነበር። የቀሩት ስድስቱ ሉዊዚያና ውስጥ የሚኖሩና የማይሰደዱ ነበሩ። በ1940 አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ በትኗቸው ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጨርሰው ጠፉ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ሁፒንግ ክሬን ሁሉ የዘር ሐረጉ በዋናነት የሚመዘዘው ከእነዚያ ከአሥራ አምስት ገደማ ወፎች ነው።

እነርሱም ቢሆኑ በሰላም አልተተዉም። ለጭነት ጀልባዎች የተቆፈረው የውስጥ ባሕር ቦይ መጠለያውን መሀል ለመሀል ሰነጠቀው፤ የጀልባዎቹ ሞገድ ለዓመታት ዳሩን ሲሸረሽር ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቅርቡ ያለው የማታጎርዳ ደሴት የአውሮፕላን ቦምብ መለማመጃ ሆነ። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ ወፎቹ በጋውን የት እንደሚራቡ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። ጎጇቸው የተገኘው በ1954 ነው። በካናዳ ውድ በፈሎ ብሔራዊ ፓርክ የተነሣ ሰደድ እሳት ላይ ተልከው የነበሩ ሰዎች ከሄሊኮፕተር ላይ ሆነው አዩአቸው። ፓርኩ የታወጀው በ1922፣ ለጎሽ ተብሎ ነበር። ማንም ሳያውቅ ለጎሽ የተከለለው መሬት ክሬኗንም ሲጠብቅ ኖሯል።

እዚህ ላይ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጠለያ በአዋጅ ብቻ አይቆምም፤ መሬት ይገዛል፣ ጠባቂ ይቀጠራል። በ1934 አሜሪካ «የዳክዬ ቴምብር» የሚባል ሕግ አወጣች። ዳክዬ የሚያድን ሰው ሁሉ በየዓመቱ የአንድ ዶላር ቴምብር መግዛት ነበረበት። የመጀመሪያውን ቴምብር የሳሉት ጄ ኤን ዳርሊንግ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበሩ። ሩዝቬልትን በካርቱናቸው ሲተቹ ቆይተው በራሱ በሩዝቬልት መንግሥት የወፍና የዱር እንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ቴምብሩ ዛሬ 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ሌላ ሕግ ወጣ።

ነገሩ ግልጽ ነው። በረግረጉ የሚጠቀመው ለረግረጉ እንዲከፍል ተደረገ። አዳኙ ጠላት ተብሎ ከመባረር ይልቅ ባለዕዳ ተደረገ፤ ዳክዬው ካለቀ የሚጎዳው እርሱ ራሱ ነውና ከፈለ።

*ጎማው*

ወፍ የሚመለከተው ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አይከፍልም ነበር። ቁጥሩም ኢምንት ነበር። ይህን የለወጡት መኪናና መጽሐፍ ናቸው።

በ1934፣ ልክ በቴምብሩ ዓመት፣ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን የተባሉ ወጣት ሠዓሊ ወፎችን ሳይገድሉ፣ ከሩቅ በመልካቸው ብቻ መለየት የሚያስችል የኪስ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ በፊት ሳይንሱ የሚታመነው በእጅ የተያዘን ሬሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይንና መነጽር በቂ ሆኑ።

በቀጣዩ ዓመት ኮኒ ሃጋር የተባሉ ወይዘሮ ከባላቸው ጋር ሮክፖርት መጥተው ለመንገደኞች የሚከራዩ ትናንሽ ጎጆ ቤቶች ገዙ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ አካባቢውን በመኪና እየዞሩ ያዩትን ወፍ ሁሉ በማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። የጻፉት የወፍ ዓይነት ብዛት ለታላላቆቹ ተመራማሪዎች የማይታመን ሆነባቸው። ሃሪ ኦበርሆልሰር የተባሉት ስመ ጥር ሊቅ ነገሩን ሊያጣሩ ሮክፖርት ድረስ መጡ። ወይዘሮዋ ትክክል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጎጆዎቻቸው ከመላ አገሪቱ በመኪና ለሚመጡ ወፍ ተመልካቾች ማረፊያ ሆኑ። ሃጋር በ1973 እስኪያርፉ ድረስ ሮክፖርት በዓሣዋ ብቻ የምትታወቅ ከተማ መሆኗ ቀርቶ ነበር።

ቤትን በመኪና ጎትቶ መሄድም አብሮ እያደገ መጣ። በ1919 ፍሎሪዳ ውስጥ «የቆርቆሮ ቱሪስቶች» የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በ1930ዎቹ ዋሊ ባያም የተባሉ ሰው ኤርስትሪም የሚባለውን፣ እንደ አውሮፕላን አካል ከአሉሚኒየም የሚሠራ ተጎታች ቤት ለገበያ አወጡ። በ1960ዎቹ ደግሞ በአዮዋ የሚገኘው ዊኔቤጎ ኩባንያ ሞተር ያለውን ተንቀሳቃሽ ቤት በብዛት እየሠራ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ አቀረበ። ጡረታ፣ ርካሽ ቤንዚንና ሰፊ አውራ ጎዳና አንድ ላይ ሲገናኙ «የበረዶ ወፎች» ተፈለፈሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም አንድ ቀን አላት። ባያም ተጎታች ቤት በየትኛውም መንገድ መሄድ እንደሚችል ለማሳየት በ1959 ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ጉዞ አዘጋጁ። 40 የሚጠጉ ብር መሳይ ቤቶች ተሰልፈው አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጡ። አስፋልት በሌለበት፣ ድልድይ በሌለበት እየተጎተቱ ኢትዮጵያ ደረሱ፤ አዲስ አበባም ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ጉዞው በቀጣዩ ዓመት ካይሮ ተጠናቀቀ። ለኩባንያው ማስታወቂያ ነበር። ለአፍሪካ ግን አሜሪካዊ ጡረተኛ አልጋውን ይዞ ሲመጣ ያየችበት የመጀመሪያው ዘመን ነው።

ወደ ቴክሳስ ስንመለስ፣ በ1990ዎቹ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አንድ ብልህ ሥራ ሠራ። ዳርቻውን በሙሉ በካርታ ይዞ፣ ወፍ የሚታይባቸውን ቦታዎች በመንገድ ምልክት አያይዞ «ታላቁ የቴክሳስ ዳርቻ የወፍ መንገድ» አለው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በርካታ ግዛቶች ቀድተውታል። ገንዘቡ በከፊል የመጣው ከፌዴራል የመንገድ በጀት ነው። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። መንገደኛው ትንሿ ከተማ ውስጥ ያድራል፣ ቤንዚን ይቀዳል፣ ዓሣ ይበላል፣ ክሬን ለማየት የጀልባ ትኬት ይቆርጣል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ስለ ወፍ ምንም ደንታ ባይኖረው እንኳ ረግረጉ እንዲደርቅ አይፈልግም። ወፏ የከተማዋ እንጀራ ሆነች።

*ወንዙ*

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ነው። ጥይት በሕግ ቆመ፤ መሬት በቴምብር ተገዛ፤ ከተማዋ በመንገደኛ ገንዘብ ከወፏ ጎን ቆመች። አሥራ አምስቱ ወፎች በ2008 ወደ 270 ደርሰው ነበር። ያኔ ግን ጥይት ያልሆነ፣ መሬትም ያልሆነ ጠላት መጣ። ጠላት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከወንዙ ራስጌ ያሉ ሰዎች ጥማት ነው።

አራንሳስን የሚመግቡት ጓዳሉፔና ሳን አንቶኒዮ የተባሉ ወንዞች ናቸው። ባሕር ከመድረሳቸው በፊት ለከተሞች፣ ለእርሻዎችና ለፋብሪካዎች ይጠለፋሉ። በቴክሳስ ሕግ የወንዝ ውኃ የሚከፋፈለው በቀዳሚነት ነው፤ ፈቃድ ቀድሞ ያወጣ ቀድሞ ይወስዳል። በድርቅ ዘመን የመጨረሻው ተሰላፊ ባዶውን ይመለሳል። ክሬኗ በዚህ ረግረግ ከርማ ስትሄድ የቴክሳስ መንግሥት የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ፈቃድ ግን የላትም። ስለዚህ ከሰልፉ ውስጥ የለችም።

ይህን ክፍተት ቀድሞ ያየ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነበር። የሳን ማርኮስ ወንዝ ፋውንዴሽን በ2000 ለግዛቱ መሥሪያ ቤት እንደማንኛውም ጠያቂ የውኃ ፈቃድ ማመልከቻ አስገባ። የጠየቀው እጅግ ብዙ ውኃ ነበር። ልዩነቱ ውኃውን ለመውሰድ አለመጠየቁ ነው። በወንዙ ውስጥ እንዲቀርና ባሕር እንዲደርስ ነው የጠየቀው። መሥሪያ ቤቱ በ2003 «ሕጉ እንዲህ ያለ ፈቃድ አያውቅም» በሚል መንፈስ ውድቅ አደረገው። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ በ2007 የግዛቱ ምክር ቤት ለወንዞችና ለወሽመጦች የሚተው የውኃ መጠን በጥናት የሚወሰንበትን ሕግ አወጣ። አብዛኛው ውኃ ግን ያኔ አስቀድሞ ታድሎ አልቆ ነበር።

ከዚያ የ2008 እና የ2009 ድርቅ መጣ። ወንዞቹ ቀጠኑ፣ ወሽመጡ ጨው ሆነ፣ ሸርጣን ጠፋ። ወፎቹ የሚጠጡት ሲያጡ ረግረጉን እየተዉ ወደ ደረቁ መሬት ኩሬ ፍለጋ መብረር ጀመሩ፤ ያም ጉልበት ይጨርሳል። በዚያ አንድ ወቅት 23 ክሬኖች መሞታቸውን የመጠለያው ባለሙያ ገመተ።

«አራንሳስ ፕሮጀክት» በሚል ስም የተሰባሰቡ ሰዎች በ2010 የግዛቱን የውኃ ባለሥልጣናት ከሰሱ። ከሳሾቹ ውስጥ የወፍ ወዳጆች ብቻ አልነበሩም፤ ኑሯቸው በዳርቻው ላይ የተመሠረተ የአካባቢው ሰዎችና ነጋዴዎችም ነበሩ። ክርክራቸው አንድ መስመር ነበር፤ ሊጠፋ የተቃረበን እንስሳ መግደል በፌዴራል ሕግ ክልክል ከሆነ፣ ውኃውን አስወስዶ ማስገደልም ክልክል ነው። በመጋቢት 2013 ዳኛዋ ጃኒስ ጃክ ለከሳሾቹ ፈረዱ። ግዛቱ ለክሬኖቹ ውኃ እንዴት እንደሚተው እቅድ ሳያወጣ አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዙ።

ፍርዱ ዕድሜው አጭር ነበር። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ ወፎቹ አልሞቱም የሚል አልነበረም፤ ምንም እንኳ የተገኘው ሬሳ ጥቂት መሆኑን ቢያነሣም። ዋናው ምክንያት ሰንሰለቱ ረዘመ የሚል ነው። ከፈቃድ ወረቀት እስከ ውኃ ጠላፊ፣ ከውኃ ጠላፊ እስከ ወንዝ መቅጠን፣ ከዚያ ድርቅ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ሸርጣን፣ ከዚያ የወፍ ሞት። በዚህ ሁሉ መሀል ተፈጥሮም የራሷ እጅ ስላለባት ባለሥልጣናቱ ተጠያቂ ሊሆኑ አይችሉም ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 ጉዳዩን አላይም አለ።

ፍርዱ ከሕግ አንጻር ሊያከራክር ይችላል። የሚያሳየው እውነት ግን አያከራክርም። ጥይት የሚተኩስ ሰው ስም አለው፣ ይያዛል። ረግረግን በውኃ ጥም የሚገድለው ግን አንድ ሰው አይደለም። የሳን አንቶኒዮ እናት ለልጇ ውኃ ትቀዳለች፤ ገበሬው በቆሎውን ያጠጣል፤ ፋብሪካው ማሽኑን ያቀዘቅዛል። ሁሉም ትክክል ናቸው። ድምሩ ግን ከወንዙ ግርጌ ሬሳ ሆኖ ይገኛል። የባርኔጣው ዘመን ሕግ ለጥፋተኛ የተሠራ ነው፤ የውኃው ዘመን ግን ጥፋተኛ የለውም።

ባሕሩም በሌላ በኩል እየመጣ ነው። በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ በአራተኛ ደረጃ ኃይል ሮክፖርት አጠገብ መሬት መታ። ወፎቹ ያኔ ካናዳ ስለነበሩ ተረፉ፤ ከተማዋ ግን ፈራረሰች። የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ረግረጉ ወደ ውስጥ መሸሽ አለበት፤ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ደግሞ አጥርና የመዝናኛ ቤት ያገኛል። ለዚህ ነው የጥበቃ ድርጅቶች ዛሬ ክሬን ያለበትን ብቻ ሳይሆን ነገ የምትሸሽበትን መሬት ጭምር የሚገዙት።

ይህም ሁሉ ሆኖ ወፎቹ በርክተዋል። በቅርብ ዓመታት በአውሮፕላን በተደረጉ ቆጠራዎች የአራንሳሱ መንጋ ከ500 በላይ እንደሆነ ተገምቷል። በሉዊዚያናም ከ2011 ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ክሬኖች ወደ ድሮ ቦታቸው እየተመለሱ ነው። አሥራ አምስት የነበረው መንጋ አምስት መቶ ሲሆን ሰማንያ ዓመት ፈጀ። ሁለት ክፉ ድርቅ ግን ብዙውን መልሶ ሊወስድ ይችላል።

*ለእኛስ?*

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በሂዩስተንና በዳላስ በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከሂዩስተን እስከ ሮክፖርት በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ ሰው ያቺን ነጭ ወፍ በዓይኑ ያያታል።

አገር ቤት ደግሞ ያው ሰንሰለት በሌላ ስም አለ። በስምጥ ሸለቆ የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። ሻላ ዓሣ ስለማይበዛበት ምግባቸውን የሚያገኙት በርረው ከአጠገቡ ካለው ከአብያታ ነው። አብያታን የሚመግበው ደግሞ ከዝዋይ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ራስጌው ላይ መስኖ ሲስፋፋ፣ ዳሩ ላይ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲስብ፣ አብያታ እየሸሸ ሄደ። ውኃው ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። ቦታው በካርታ ላይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እንደ አራንሳስ ሁሉ መሬቱ ተከልሏል፤ ውኃው ግን አልተከለለም።

ልዩነቱ ሮክፖርት ውስጥ ረግረጉ ሲጠማ የሚጮህ ሰው መኖሩ ነው። የጀልባ ባለቤቱ፣ የምግብ ቤቱ ጌታ፣ አርቪ የሚያቆሙበት ግቢ ያለው ሰው ይጮሃል፤ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ቢሸነፍም እንደገና ይጠይቃል። ይህ ሰው የተፈጠረው በአንድ ስብከት አይደለም። ወይዘሮ ሃጋር ማስታወሻ ከያዙበት፣ አዳኝ ቴምብር ከገዛበት፣ የመንገድ በጀት ለወፍ ምልክት ከዋለበት ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተሠርቷል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ያልፋል። ዝዋይ ላይ ፔሊካንና አባ ኮዳ ለማየት የሚቆመው መኪና ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከዚያ መኪና ከሚወርደው ገንዘብ ስንቱ ሐይቁ ዳር ለሚኖረው አሣ አስጋሪና ለልጆቹ ይደርሳል? አብያታ ሲሸሽስ ፍርድ ቤት ሄዶ «ውኃዬ የት ገባ?» የሚል ማን አለ? የወንዝ ድርሻ በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ የሐይቁ ወንበር እስኪቀመጥ ድረስ፣ ፓርክ ብሎ ማጠር ባዶ ገንዳን በቁልፍ እንደመዝጋት ነው።